ቀላል ስፖርት መኪና ላይ ፍሬን አልይዝ ሲል፦ ጥፋቱ የሸራው ነው ወይስ የሌላ?

ማዝዳ ሚያታ (ሁለት ሰው የምትይዘዋን ትንሽ ስፖርት መኪና) ይዛችሁ "የትኛውን የፍሬን ሸራ ልግዛ?" ብትሉ አስር ሰው አስር ስም ይጠራላችኋል። አብዛኛው ደግሞ ለውድድር የተሰራውን ኃይለኛ ሸራ ነው የሚመክረው። እኔ በዚህ አልስማማም። የመጀመሪያዎቹ ሚያታዎች ክብደት አንድ ቶን አካባቢ ነው፣ አሁን የሚሸጠው አራተኛው ትውልድም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ክብደት ሲቀንስ ፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ላይ ጉድ የተባለለት ሸራ እናንተ ጋ ሲመጣ ሳይሞቅ ሊውል ይችላል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩን ከፔዳሉ ለዩት።

ጠዋት ፔዳሉ ደረቅ ነው፣ መኪናው ግን አልቆም ይላል

ብዙ ጊዜ ሸራው ስላልሞቀ ነው። እያንዳንዱ ሸራ ከስንት እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚሰራ አምራቹ ይጽፋል። ሆክ ዲቲሲ-60ን ውሰዱ፤ የትራክ (የመኪና ውድድር ሜዳ) ሸራ ነው፣ በደንብ የሚሰራው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ነው። ሚያታ ይዛችሁ ከቤት ወደ ሥራ ስትሄዱ ዲስኩ እዚያ የሚደርስበት ምክንያት የለም። ታዲያ ይጮኻል፣ ዲስኩን ይበላል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድንገት ሕፃን ቢገባባችሁ የመጀመሪያው ፍሬን ላይ አይደርስላችሁም። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፣ እንዲህ ያለውን ሸራ አውጡት።

በአዘቦት ቀን የምትነዱት፣ አልፎ አልፎም ትራክ የምታስገቡት መኪና ከሆነ እንደ ፌሮዶ ዲኤስ2500 ያለ፣ ከቀዝቃዛው ጀምሮ እስከ 500 ዲግሪ ድረስ የሚይዝ ሸራ ለቀላል መኪና ከበቂ በላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሸራውን ገልብጡና ጠርዙን ወይም የጀርባውን ብረት እዩት። ከረጅም ቁጥር ኋላ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ታትመው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚነክስ ነው የሚናገረው። በሰበቃ መጠን (ቁጥሩ ሲያድግ ይበልጥ ይነክሳል) "ኢ" (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ "ኤፍ" (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ "ጂ" (G) ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። የመጀመሪያው ፊደል "ኢ" ከሆነ ጠዋት ላይ ጠንከር አድርጋችሁ መርገጥ ይኖርባችኋል። ግን ፈተናው እስከ ትራክ ሙቀት ድረስ ስለማይሄድ፣ በፊደሉ ብቻ ተማምናችሁ ትራክ እንዳትገቡ።

ፔዳሉ እየላላ ወለል ድረስ ይሄዳል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሸራ ይቀይራል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል። ይህ የሚሆነው ፍሬኑ ሲሞቅ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት በገባበት ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 ለሚባለው የዘይት ደረጃ የተቀመጠው ዝቅተኛ የመፍያ ሙቀት አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ነው፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 155 ነው። የዶት 3 ደግሞ 205 የነበረው 140 ይሆናል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ እግራችሁም የሚጨምቀው ያንን አረፋ ነው። መፍትሄው አሮጌውን አስወጥቶ አዲስ ዶት 4 መሙላትና አየሩን ከአራቱም ጎማ ማስወጣት ነው። ትራክ የምትገቡ ከሆነ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችሉ የውድድር ዘይቶች አሉ፣ ዋጋቸውም ከሸራ ያንሳል። ዶት 5 የሚለውን ግን እንዳትቀላቅሉ፣ እሱ ሲሊኮን ነው።

መኪናው ሳይሞቅም ፔዳሉ ብዙ ከወረደ በኋላ የሚይዝ ከሆነ፣ ይህም የጀመረው የኋላውን ሸራ ካስቀየራችሁ በኋላ ከሆነ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2005 በተሰሩት ሚያታዎች የኋላው ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) በእጅ መስተካከል አለበት፣ ይህን የማያውቅ መካኒክ ደግሞ ብዙ ነው። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ካሊፐሩ ጀርባ ላይ በ14 ቁልፍ የሚፈታ ብሎን አለ፣ እሱን ስታወጡት ውስጡ 4 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ የሚገባበት ማስተካከያ ታገኛላችሁ። ሸራው ዲስኩን ጥርቅም አድርጎ እስኪይዝ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ከዚያ ሲሶ ዙር ያህል መልሱት። ጎማው በእጅ እንደ ልብ ከዞረ ብሎኑን መልሳችሁ እሰሩ። በዚህች ብቻ ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ የተቃጠለ ሽታ አለ፣ መኪናው ግን አልቆም ይላል

ይሄ በእርግጥ የሸራው ነው፣ ከአቅሙ በላይ ሞቋል። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሳችሁ ቁጥር 1 ኩርባ ላይ ስትደርሱ፣ ሚያታም ብትሆን ፍሬኗን ትፈትናለች፤ ምክንያቱም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል አራት እጥፍ ነው። ወዲያው ረገብ አድርጋችሁ ንዱና አቀዝቅዙት። ሸራው ገና አዲስ ከሆነ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ። ያልተላመደ ሸራ ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል፣ ለጊዜውም ይከዳል። ባዶ መንገድ ላይ በሰዓት ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ደጋግማችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። ተላምዶም ከከዳችሁ ያኔ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሸራ ግዙ። አንድ ደረጃ ብቻ።

ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል

"ዲስኩ ተጣሟል" ይሏችኋል። ብዙ ጊዜ ግን የሸራው ቅሪት ዲስኩ ላይ እኩል ሳይሆን ተለጥፎ ነው። የጋለ ፍሬን ረግጣችሁ ከቆማችሁ የሸራው ቅርጽ እዚያው ይታተማል፤ ስለዚህ ከትራክ ስትወጡ ፔዳሉን ልቀቁ፣ የእጅ ፍሬንም አትሳቡ፣ በማርሽ አቁሙት። እንደገና ማላመዱ ካላጠራው ዲስኩን በማሽን አስለስሱ ወይም ቀይሩ።

የኋላው ቀድሞ ይቆልፋል

ይህን ለነገ አትበሉት። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልላል፣ ከፊቱ የበለጠ የሚነክስ ሸራ ከኋላ ካለ መኪናው ይዞራል። ቆየት ያሉት ብዙዎቹ ሚያታዎች ደግሞ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የላቸውም። ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት ሸራ አድርጉ፣ ወይም የኋላውን ለስለስ ያለ። ከፊት የትራክ ሸራ ከኋላ የመንገድ ሸራ ያደረገም አይዝናና፤ የፊቱ እስኪሞቅ ድረስ የኋላው ነው ቀድሞ የሚነክሰው።

ከሁለቱ ሸራ አንዱ ብቻ ካለቀ ወይም ሰያፍ ሆኖ ከተበላ ብዙ ጊዜ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ነው። አውጥታችሁ አጽዱት፣ ለፍሬን የተሰራ ግራሶ ቀቡት፣ የላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደም ቀይሩት። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ሸራ አትግጠሙ፣ እሱም እንደዚያው ሰያፍ ሆኖ ያልቃል።