ፖስታውን ከማሸጋችሁ በፊት ማጫወቻውን ክፈቱ

የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የተሠራ ፊልም) እና ማንጋ (የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) በፖስታ የሚያከራይ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ተመላሽ መቀበል ነበር። ፖስታውን እከፍታለሁ፤ ዲስኩን ብርሃን ላይ አያለሁ፤ ማንጋውን ገጽ በገጽ እገልጣለሁ። ደህና ከሆነ ለቀጣዩ ተረኛ ይሄዳል። ካልሆነ ተረኛው ይጠብቃል። አብዛኛው ጥፋት ከክፋት የመጣ አይደለም። ያው ጥፋት በየሳምንቱ ሲመጣ ግን ያንገበግባል።

ከሁሉም የሚብሰው ባዶው ፖስታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተከራዩ አይቶ ይጨርሳል። የዲስኩ መያዣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንሥቶ ፖስታው ውስጥ ይከታል፣ ያሽጋል፣ ይልካል። ዲስኩ ግን ማጫወቻው ውስጥ እንደተኛ ነው። አንድ ዲስክ 16 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው፤ እጅ ልዩነቱን አያውቀውም። እኛ ጋ ደርሶ ሲከፈት ባዶ! ስንጠይቅ "ልኬላችኋለሁ እኮ" ይባላል። ሰውየው አይዋሽም፤ ከልቡ የላከ መስሎታል። ሌላ ዲስክ ሊያጫውት ሲከፍት ነው የሚያገኘው። እስከዚያ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ያልፋል።

የባሰም አለ። 5ኛውን ዲስክ በ6ኛው፣ 6ኛውን በ5ኛው መያዣ መላክ። ባዶ ፖስታ ቢያንስ ወዲያው ይታወቃል። የተቀያየረ ዲስክ ግን ሥራ በበዛበት ቀን ከእኛም ዓይን ያመልጣል። ከዚያ 5ኛውን የጠበቀው ሰው 6ኛው ይደርሰዋል፤ 6ኛውን የጠበቀው ደግሞ 5ኛው። ሁለቱም በትዕግሥት የጠበቁትን ታሪክ ከመሃል ገብተው ያበላሹታል።

አንድ የቆየ ተከታታይ አኒሜ ነበረን፤ 7 ዲስክ። መታተም ካቆመ ቆይቷል። 3ኛው በባዶ ፖስታ "ተመለሰ"። ተከራዩን ስናገኘው ቤት ቀይሯል፤ ማጫወቻውንም ዲስኩ ውስጡ እንዳለ ሸጦታል። ለወራት ፈለግን። የሚሸጡት ሰዎች ሙሉውን ስብስብ እንጂ 3ኛውን ብቻ ነጥሎ የሚሸጥልን አልነበረም። ሙሉውን ለመግዛት ደግሞ አቅማችን አልፈቀደም። ስድስቱ ዲስኮች አንድ ጭረት ሳይኖርባቸው መደርደሪያ ላይ ቀሩ። 2ኛውን አይቶ ወደ 4ኛው የሚዘል ማን አለ? ተራ ይዘው ለሚጠብቁት ሁሉ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ሴትዮ 2ኛውን አይታ 3ኛውን ስትጠብቅ ነበር። ለእሷ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶብኝ አንድ ቀን ሙሉ አሳደርኩት።

ስለዚህ እባካችሁ፦ ዲስኩን በዓይናችሁ እዩት። ፊቱ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። መያዣው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ከዚያ አሽጉ። እኔም አንዴ ከሥራ ቦታ ወስጄ ያየሁትን ዲስክ በሌላ መያዣ መልሻለሁ። ሁለት ጊዜ የማየት ልማድ ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስህተት አመራረጥ ላይ ነው። ጀማሪ በጉጉት አሥር ርዕስ ይመዘግባል። ኪራይ ቤቱ ከዝርዝሩ ውስጥ በእጁ ያለውን ይልካል። ታዲያ የአንዱ 4ኛ፣ የሌላው 2ኛ ይደርሳል፤ የማንም 1ኛ አይመጣም። በቅደም ተከተል እንዲላክ የሚጠየቅበት መንገድ ካለ ተጠቀሙበት። ከሌለ አንድ ርዕስ ብቻ ጀምሩና ጨርሱ።

ርዕሱን ስትመዘግቡም ስሙን ብቻ አትመኑ። ፉልሜታል አልኬሚስት ሁለት ጊዜ በአኒሜ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 51 ክፍል አለው። የ2009ኙ 64 ክፍል ሲሆን በእንግሊዝኛው ብራዘርሁድ የሚል ተጨምሮበታል። የመጀመሪያው ሲሠራ የተነሣበት ማንጋ ገና ስላላለቀ ታሪኩ በራሱ መንገድ ሄዷል። አንዱን ጀምሮ በሌላው የቀጠለ ሰው "ዲስክ ዘላችሁብኛል" ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ እኛም ብዙ እንዲህ ዓይነት ቁጣ ሰምተናል። ማንጋም ላይ ያው ነው። ድራጎን ቦል በመደበኛው እትም 42 ቅጽ ነው። በኋላ በወጣው ትልልቅ እትም ግን 34 ነው። የአንዱ 10ኛ ቅጽ የሌላው 10ኛ አይደለም። እትሙን ሳታረጋግጡ ቀጣዩን ቁጥር አትዘዙ።

የዲስኩን ክልል ቁጥር ተመልከቱ፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚነግር ነው። በዲቪዲ ጃፓን ክልል 2 ናት፤ አሜሪካና ካናዳ ክልል 1። ስለዚህ ለአንዱ ክልል ብቻ የተሠራ ማጫወቻ የሌላውን አይቀበልም። ከዲቪዲ በኋላ በመጣው ብሉ-ሬይ በሚባለው ዲስክ ግን ጃፓንም አሜሪካም ክልል ኤ ውስጥ ናቸው፤ አብዛኛው አውሮፓና አፍሪካ ክልል ቢ ውስጥ። ለጃፓን ገበያ የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል እንደሌለውም አስቡበት።

አሁን ደግሞ አጠራረጉ። ዲስክ አቧራ ሲይዝ ሰው ሁሉ እንደ ሰሃን እያዞረ ይጠርገዋል። አታዙሩት! መረጃው የተጻፈው ክብ እየዞረ በሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ላይ ነው። እያዞራችሁ ስትጠርጉ የምትተዉት ጭረት መስመሩን ተከትሎ ብዙ መረጃ በአንድ ላይ ይጋርዳል። ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ የሄደ ጭረት ግን እያንዳንዱን ዙር በጥቂቱ ብቻ ነው የሚነካው፤ ማጫወቻው የጎደለውን አስልቶ ይሞላዋል። ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በቀጥታ። በቃ። ብሉ-ሬይ ላይ ደግሞ መረጃው ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ በዲቪዲ ግን 0.6 ነው። የብሉ-ሬይ ፊት ጠንካራ ልባስ ቢኖረውም ጥልቅ ጭረት አይምረውም። ዲስኩን ከመያዣው ስታወጡም መሃሉን ተጭናችሁ ዳሩን ይዛችሁ አንሡት። አጉብጣችሁ ከሳባችሁት ከመሃል ቀዳዳው ይሰነጠቃል።

ማንጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከራየ ሰው "የተሳሳተ ጥራዝ ልካችሁልኛል፤ መጨረሻው መጀመሪያ ላይ ነው" ብሎ ሲጽፍልን ደስ ይለኝ ነበር። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። በገጹ ውስጥ ያሉት ሥዕሎችም እንደዚያው፤ ከላይ ቀኝ ጥግ ይጀመራል። ለአንድ ሁለት ምዕራፍ ግር ይላል፤ ከዚያ ይለመዳል። እንዲህ የሚጽፉልን ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ ጠንቃቃ ተከራዮች ይሆናሉ።

መጽሐፉን ግን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ጀርባውን አትጫኑት። ማንጋ በአብዛኛው በሙጫ ብቻ የተያያዘ ነው፤ አንዴ ከተሰበረ ገጹ ይረግፋል። የተቀደደ ገጽ ካለ በስኮች አትለጥፉት። ስኮች ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ሙጫውም ወደ ወረቀቱ ይገባል። የተቀደደውን እንዳለ ላኩትና በብጣሽ ወረቀት ንገሩን። እውነቱን ጽፎ በላከ ሰው የተቆጣሁበትን ቀን አላስታውስም።

ስትልኩ መጻሕፍቱ ካርቶን ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ አድርጉ። ማዕዘናቸው የሚጎዳው በመንገድ ላይ ሲጋጩ ነው። መጀመሪያ በፕላስቲክ ጠቅልሏቸው፤ ዝናብ የፖስተኛውንም ቦርሳ ያገኘዋል።

ቀሪው አጭር ነው። አኒሜ ሁሉ ለልጅ አይደለም፤ ለልጆቻችሁ ስታዝዙ የዕድሜ ገደቡን አንብቡ። የመመለሻው ቀን የሚቆጠረው ከላካችሁበት ይሁን ከደረሰበት፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ደግሞ ማንጋውን ከማሸጋችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉት። ከገጾቹ መሃል የባንክ ካርድ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ ያልተላከ ደብዳቤ አግኝቻለሁ። አንድ ጊዜ ጥርስ የሌለው ሕፃን እየሳቀ የተነሣው ፎቶ ወደቀልኝ። ጀርባው ላይ ቀን ብቻ ተጽፏል። መጽሐፉን ሦስት ሰው ስለተከራየው የማን እንደሆነ ለማወቅ ለሦስቱም ጻፍኩ። ሦስተኛዋ በማግሥቱ መለሰችልኝ፤ ፎቶውን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ በዚያው ቀን ላክሁላት።