ሲያዞራችሁ ሁሉ ሚሪንዳ አትክፈቱ፦ ስኳር ሲወርድና አይረን ሲያንስ ምን፣ መቼ፣ ከምን ጋር እንብላ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው "አዞረኝ" ካለ ምክሩ ቶሎ ነው ሚመጣው፣ አንዱ ግፊትህ ወርዶ ነው ጨው ላስ ይላል፣ አንዱ ስኳር ነው ሚሪንዳ አምጡለት ይላል፣ እናቶች ደሞ ደም አንሶሽ ነው ቀይ ስር ብዪ ብለው ይቆጣሉ። ሁሉም አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ ግን የስኳር መውረድና የአይረን (ደም ሚሰራበት ብረት) ማነስ አንድ ሰው ላይ አብረው ሲመጡ ነገሩ ይምታታል፣ ለአንዱ ሚጠቅመው ለሌላው አይጠቅምም፣ ቁርስ ላይ ምንወዳት ማኪያቶ ደሞ ለሁለቱም አትሆንም፣ እሷ ጋ እንመጣለን።

መጀመሪያ መለየት። ስኳር ሲወርድ ድንገት ነው። ደህና ቆይታችሁ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ልብ ድው ድው፣ ያለምክንያት ሰው ላይ መነጫነጭ፣ ያገኙትን ሁሉ የመብላት ረሃብ፣ ጣፋጭ ነገር ሲቀመስ ደሞ በሩብ ሰአት ውስጥ ለቀቅ ያደርጋል። አይረን ግን ቀስ እያለ ወራት ወስዶ ነው ሚያልቀው። ከለገሃር ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ድሮ ቆማችሁ በማታውቁበት ቦታ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ትቆማላችሁ፣ ተኝታችሁ ተነስታችሁም ድካሙ አለ፣ ፀጉር ይረግፋል፣ ጥፍር ይሰባበራል፣ አንዳንዱ ሰው በረዶ መቆርጠም ወይ አፈር ያምረዋል (ይሄ ማማር የእርግዝና ብቻ ይመስለናል፣ አይደለም፣ የታወቀ የአይረን ማነስ ምልክት ነው)። ሚሪንዳ ይሄን ድካም አይነካውም።

ግምቱ ግን አይበቃም፣ ተለኩ። ስኳራችሁን ምልክቱ ባለበት ሰአት ተለኩት፣ ተሽሏችሁ በነጋታው ብትለኩት ምንም አይነግራችሁም። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ወርዷል ይባላል፣ ከ54 በታች አደገኛ ነው። ለአይረን ደሞ ሲቢሲ (የተለመደው የደም ቆጠራ) ብቻ ሳይሆን ፌሪቲን (የተከማቸውን አይረን ሚያሳየው) ጨምሩልኝ በሉ፣ ምክንያቱም ሲቢሲው ላይ ሚታየው ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን ሚሸከመው) ሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሱቁ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል። ፌሪቲን ከ15 በታች ከሆነ ግልጽ እጥረት ነው፣ ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታችንም እንደ እጥረት ያዩታል።

አንድ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፦ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነች። ከፍታ ላይ ሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍታ ተቀንሶ ይነበብ ይላል፣ ለኛ ከተማ ከ1 ግራም ትንሽ በላይ ነው። ለሴት መነሻው 12፣ ለነፍሰ ጡር 11፣ ለወንድ 13 ነው፣ ስለዚ 12.3 አውጥታ "ኖርማል ነሽ" የተባለች የፒያሳ ልጅ እውነት ኖርማል ላትሆን ትችላለች። ጠይቁ። ሌላው ደሞ አይረን ሲያንስ "የሶስት ወር ስኳር" ሚባለው ምርመራ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል፣ ሁለቱም ያለባችሁ ሰዎች ይሄን ለሐኪማችሁ አንሱለት።

አሁን ስኳሩ ወርዶ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ስለ ጤናማ አመጋገብ ማሰቢያ ሰአት አይደለም። 15 ግራም ገደማ ፈጣን ስኳር ነው ሚያስፈልገው፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጦ፣ ወይ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይ የ300 ሚሊ ለስላሳ ግማሹ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ተለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙት። ቸኮሌትና ኬክ ለዚህ አይሆኑም፣ ቅባታቸው ስኳሩን ያዘገየዋል። "ዜሮ" ሚል የተጻፈበት ለስላሳም አይሰራም፣ ስኳር የለውማ፣ አምቦ ውሃም እንደዛው (ታክሲ ሰልፍ ላይ ለወደቀ ሰው አምቦ ሚያመጣ ደግ ሰው አይጠፋም)። ከተነሳ በኋላ ደሞ እዛው አትተዉት፣ ዳቦ በእንቁላል ወይ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ወይ ትንሽ እንጀራ ብሉ፣ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይደረግም፣ ማርም ቢሆን፣ ይታነቃል። በጎኑ አስተኝታችሁ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጋ ደውሉ ወይ ባገኛችሁት መኪና ሆስፒታል ውሰዱት።

ኢንሱሊን ወይ ግሊቤንክላማይድ (ስኳር ሚያወርድ ኪኒን) ምትወስዱ ከሆነና በተደጋጋሚ ከወረደባችሁ ችግሩ የምግብ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ዶዙ መታየት አለበት። ለስኳር ብላችሁ አብሽ እየበጠበጣችሁ ምትጠጡም ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ሊበዛ ይችላል።

የስኳር በሽታ ሳይኖርባችሁ ረፋድ 4 እና 5 ሰአት ላይ ሚያንቀጠቅጣችሁስ? ቁርሳችሁን እንየው። ሜክሲኮ ወይ ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ምንገባ ሰዎች ቁርስ ምንለው ባዶ ሆድ ላይ ሁለት ሶስት ማንኪያ ስኳር የገባባት ማኪያቶና ቦምቦሊኖ ነው። ስኳሩ በአንዴ ይወጣል፣ ሰውነት ደንግጦ ኢንሱሊን ያፈሳል፣ ከሁለት ሶስት ሰአት በኋላ ዝቅ። ከዛ ምን እናደርጋለን፣ ሌላ ማኪያቶ። ይሄን ለማቆም ጣፋጩን ብቻውን ባዶ ሆድ ላይ አለመውሰድና ቁርስ ውስጥ ፕሮቲን ማስገባት ነው ዋናው ነገር። ፉል በጣም ጥሩ ነው፣ ባቄላው ቀስ ብሎ ነው ሚፈጨው፣ ላዩ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ይከተፍበት። እንቁላል ፍርፍር ለስኳሩ አሪፍ ነው (ለአይረን ግን ብዙም አትጠብቁበት፣ እንደውም የሌላውን አይረን ትንሽ ይይዛል)። ቅንጬ፣ ገንፎ፣ ጨጨብሳ ይቻላል ግን ጨጨብሳው ላይ ማሩን ቀነስ፣ ጎኑ እንቁላል ወይ እርጎ ጨመር። በየሶስት አራት ሰአቱ ትንሽ ነገር መቅመስም ይረዳል፣ ለዚህ ከሱፐርማርኬት ብስኩት የመንገድ ዳር ቆሎ አስር እጅ ይሻላል፣ በተለይ ገብስና ሽምብራ ከኦቾሎኒ ጋር የተቀላቀለው። በሶም ቦርሳ ውስጥ ይዞ ለመሄድ ምቹ ነው፣ ስኳር ሳይበዛበት። ጁስ ቤት ስትገቡ ስኳር አይግባበት በሉ፣ አቮካዶው ላይ ሚፈስበት ቪምቶም እሱው ስኳር ነው። ባዶ ሆድ ላይ ጃምቦ ምትሉ ሰዎች ደሞ፣ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ያደርጋል፣ ሌሊት ላይ ነው ሚጥላችሁ፣ ቢያንስ እየበላችሁ ጠጡ።

ወደ አይረኑ። እውነቱን ለመናገር የኛ ምግብ አይረን አላጣም፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳይመጠጥ ነው ሚወጣው። የእህልና የአትክልት አይረን በተፈጥሮው ለመመጠጥ ያስቸግራል፣ የሥጋው ይሻላል። የእህሉን ሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው፣ ሚያግደው ደሞ ቡና፣ ሻይ፣ ወተት። እና እኛ ምን እናደርጋለን፣ ምሳ በልተን እጃችንን ሳንታጠብ ቡና ይፈላል! ቡናን ማንም እንዲተው አልልም፣ እኔም አልተውም፣ ሰአቱን ግን ቀይሩ። ከምግብ አንድ ሰአት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ብዙም አይጎዳም፣ ከምግብ በኋላ ግን አንድ ሰአት እንኳን አይበቃም፣ ሁለት ሰአት ራቁት። ማለትም ምሳችሁ 7 ሰአት ከሆነ ቡናው ወይ ከ6 በፊት ወይ ከ9 በኋላ። ሻይ ከቡናም ይብሳል፣ ቁርስ ላይ ፉልን በሻይ ማወራረድ ፉሉን ማባከን ነው። ማኪያቶ ደሞ ቡናም ወተትም ስኳርም በአንድ ብርጭቆ፣ ስለዚ ከምግብ አርቃችሁ፣ ስኳር ሳትጨምሩ፣ ሆዳችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ኖሮ ብትጠጧት ይሻላል።

ከምግብ ሁሉ ለዚህ ነገር እኔ ምመርጠው አዚፋን ነው። ምስር አለው፣ ሎሚ አለው፣ ጥሬ ቃሪያ አለው፣ ሽንኩርትና ሰናፍጭ አለው፣ ያለምንም ሳይንስ አያቶቻችን አይረኑንና ቫይታሚን ሲውን አንድ ሳህን ላይ አስቀምጠውታል። ምስር ደሞ ስኳርን በአንዴ አያወጣም። አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር ውስጥ 6 ሚሊግራም ገደማ አይረን አለ፣ የወር አበባ ምታይ ሴት በቀን 18 ያስፈልጋታል፣ ወንድ 8፣ ነፍሰ ጡር 27። በያይነቱ ስታዙ ምስሩንና ሽሮውን ጨምሩልኝ በሉ፣ ሎሚ አስመጥታችሁ ገበታው ላይ ጭመቁበት፣ ድስት ውስጥ ከእሳት ጋር የገባ ሎሚ ብዙውን ቫይታሚን ያጣል። ጎመኑም እንደዛው፣ እስኪጠቁር አትቀቅሉት። ከበላችሁ በኋላ በሻይ ፋንታ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ሲገኝ ዘይቱን።

ጤፍ አይረን አለው እየተባለ ሁሌ ይወራል። አለው፣ ግን ከሚለካው ውስጥ ከፊሉ አውድማ ላይ ሲወቃ የገባ አፈር ነው፣ የአፈር አይረን ደሞ ሰውነት ብዙም አይወስደውም። ጥሩው ነገር እርሾው ነው፣ ሊጡ ሁለት ሶስት ቀን ሲቦካ አይረኑን አስሮ ሚይዘው ፋይቴት ሚባለው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚ በደንብ የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል።

ቀይ ስር ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም። 100 ግራሙ ውስጥ 1 ሚሊግራም እንኳን አይረን የለም። ሰላጣ ላይ ብሉት፣ ጥሩ አትክልት ነው፣ መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን ወር ሙሉ ጁሱን ጠጥታችሁ ምርመራውን አታዘግዩ። ጉበት ግን እውነት ነው፣ 100 ግራሙ 5፣ 6 ሚሊግራም ይሆናል፣ ያውም ሚመጠጠው ዓይነት። ዱለት በሳምንት አንዴ በቂ ነው፣ በደንብ ይብሰል። "ጥሬው ነው ደም ሚሆነው" ሚሉትን አትስሙ፣ የበሰለውም አይረኑ አለ፣ ጥሬው ጋ ኮሶ ትርፍ ነው። ነፍሰ ጡሮች ጉበት አታብዙ፣ ቫይታሚን ኤው ይበዛል፣ ጥሬ ሥጋም ይቅርባችሁ። ሥጋ ውድ ነው ካላችሁ (ነው!) ትንሽ ሥጋ ሽሮ ወይ ምስር ውስጥ መጨመር የእህሉንም አይረን ከፍ ያደርጋል፣ ቦዘና ሽሮ ማለት ይሄው ነው።

ድስታችሁንም እዩት። በፈረንጆቹ 1999 ላንሴት ላይ የወጣ እዚሁ ኢትዮጵያ የተሰራ ጥናት አለ፣ በብረት ድስት የተሰራ ምግብ የበሉ ህፃናት በአሉሚኒየም ድስት ከበሉት የደም ማነሳቸው ቀንሶ ነው የተገኘው። ቲማቲም ያለበት ወጥ በብረት ድስት ሲሰራ ብረቱ የበለጠ ይለቃል።

ጾም ላይ፦ አይረን ብቻ ያነሰው ሰው በጾም ምግብ መዝለቅ ይችላል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሎሚ፣ ቡና ከምግብ ርቆ። እስከ 9 ሰአት ምንም አለመቅመስ ግን ስኳር ለሚወርድበት ሌላ ጉዳይ ነው፣ በተለይ መድኃኒት ላይ ካላችሁ። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁንም አናግሩ፣ ለታመመ መንገድ አለው። ረመዳን ላይም ያው ነው፣ ስታፈጥሩ ሁለት ሶስት ቴምር በውሃ፣ ከዛ የምስር ሾርባ፣ ሳምቡሳውና ሻዩ ቆየት ብሎ። ቀን ላይ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን አፍጥሩ።

ፌሪቲን አንዴ ከወረደ በምግብ ብቻ መመለስ ከባድ ነው፣ ኪኒን ይታዘዛል። ሐኪሙ እንዳለው ውሰዱ፣ በብርቱካን ወይ በሎሚ ውሃ፣ ከወተት፣ ከቡናና ከጨጓራ መድኃኒት አርቃችሁ። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ። ሆድ ካቃጠላችሁ ወይ ካደረቃችሁ ከመተዋችሁ በፊት ቀን ዘሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወሰድ እንደውም የተሻለ ይመጠጣል። ከህፃናት አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ከረሜላ መስሏቸው ከዋጡት ይገድላል።

እና አይረኑ የት ሄደ ሚለውን ሳትጠይቁ አትለፉ። ብዙ ሚፈስ የወር አበባ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ መንጠቆ ትል፣ ወይ ቀስ እያለ ሚደማ አንጀት ሊሆን ይችላል። ወንድ ወይ የወር አበባዋ ያቆመ ሴት አይረን ካነሳቸው ዱለት ከመብላታቸው በፊት ከየት እንደሚደማ መታየት አለበት። ኪኒኑ ከተጀመረ ሄሞግሎቢን በሳምንታት ውስጥ ይነሳል፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ተሻለኝ ብሎ ያቆማል፣ መጋዘኑ እስኪሞላ ግን ተጨማሪ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ከዛ ፌሪቲን ድገሙና ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት፣ ሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ ሚጠይቃችሁ እሱን ነው።