የ1970ዎቹን የአዲስ አበባ ኑሮና ዋጋ ከእናቶቻችን አፍ እንዴት እንመዝግብ

«ድሮ ሁሉም ርካሽ ነበር» የሚለውን አባባል ደብተሬ ላይ አልጽፈውም። ተናጋሪውን ስላላመንኩ አይደለም፤ ዋጋ ከደመወዙ፣ ከመስፈሪያው፣ ከዓመተ ምሕረቱና ዕቃው ከመገኘቱ ጋር ካልተያዘ ስለ ኑሮው የሚነግረን ነገር ስለሌለ ነው። የታሪክ መምህርት ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼን አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ እልካቸዋለሁ፤ እኔም እናቴንና የሰፈራችንን እናቶች እጠይቃለሁ። እዚህ የማካፍላችሁ በዚህ ሥራ የተማርኩትን አካሄድ ነው። ዘመኑን 1970ዎቹ፣ ቦታውን አዲስ አበባ አድርጌዋለሁ። ያኔ ጎጆ ወጥተው ቤት ያስተዳደሩት ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሥራው ለከርሞ የሚባል አይደለም።

በቅድሚያ አቆጣጠሩን ቁረጡ። የኛ 1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1977 መስከረም አካባቢ ጀምሮ እስከ 1987 መስከረም ድረስ ያለው ነው። እናታችሁ «በሰባ አምስት» ስትል የኛን ማለቷ ነው፤ ውጭ አገር የኖረ አጎት ግን የአውሮፓውን ሊላችሁ ይችላል። የኛን ወደ አውሮፓው ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል። እያንዳንዱን ዓመት ስትጽፉ አጠገቡ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉበት። ይህን ያልጻፈ ተማሪ ሥራውን እመልስለታለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱም መለየት ያቅተዋልና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የኛ፣ ማለትም ዓ.ም. ናቸው።

ጠያቂው ሁሉ የሚቸኩልበት ጥያቄ «ጤፍ ስንት ነበር?» ነው። በእሱ አትጀምሩ። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ድፍን ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር ከየትኛው ዓመት እንደመጣ እሱም አያውቀውም። ይልቅ «ደመወዝ የሚወጣው መቼ ነበር? ማን ነበር የሚቀበለው? ቤት ሲገባ ብሩ ለማን ይሰጥ ነበር?» በሉ። የደመወዝ ቀን ከተነሣ ገበያው፣ ዱቤው፣ ዕቁቡ በየተራቸው ይከተላሉ። እናቴ የጤፍን ዋጋ ስጠይቃት «እኔ እንጃ» ያለችኝን፣ ስለ ደመወዝ ቀን ስትተርክ ሳልጠይቃት ከነመስፈሪያው ነገረችኝ።

ለማነጻጸሪያ ሁለት የደመወዝ ቁጥሮችን ያዙ። ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት ሥራ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 50 ብር ሆነ፤ ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመርቆ የተቀጠረ ደግሞ መነሻው 500 ብር ነበር። የምትሰሙት ዋጋ ሁሉ በነዚህ መካከል ቆሞ ይለካ። የጥበቃ ሠራተኛና መሐንዲስ እኩል 1 ብር ቢያወጡ፣ ያችው ብር ለአንዱ ከ50 አንድ፣ ለሌላው ከ500 አንድ ናት።

የቤት ኪራይ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራዩንም ቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ደግሞ «የኪራይ ቤቶች» የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስተዳድር ጀመር። ስለዚህ «የቀበሌ ቤት ነበር ወይስ የኪራይ ቤቶች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ የቤተሰቡን አቅም ጭምር ይነግራችኋል። «ከአዋጁ በፊት ለባለቤቱ ስንት ትከፍሉ ነበር?» የሚለውንም አትርሱ። የጠየቅኋቸው እናቶች ከሌላው ዋጋ ሁሉ አጥርተው የሚያስታውሱት ይህን ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚያ ዘመን አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ነበረው። አንዱ የመንግሥት ተመን ነው፤ በቀበሌው ህብረት ሱቅ፣ በኩፖን፣ በቤተሰብ ቁጥር የሚታደለው። ሁለተኛው ነጋዴው የሚሸጥበት ነው። ጤፍ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና በህብረት ሱቅ ርካሽ ነበሩ፤ ግን ሲመጡ ነው። ኮታው ካለቀ ወይም መኪናው ካልመጣ እናት ወደ መርካቶ መውረዷ አይቀርም። አንዷ እናት «ስኳር በሳንቲም ነበር» ካለች፣ ሌላዋ «ስኳር እሳት ነበር» ካለች፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን «ከየት?» የሚል መስመር አስምሩ፤ ህብረት ሱቅ፣ መርካቶ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ጉሊት።

ሰልፉንም እንደ ዋጋ ቁጠሩት። ስንት ሰዓት ተነሥተው ሄዱ? ማን ተሰለፈ፣ እናት ወይስ ትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ? ሰው ሳይኖር በድንጋይ ወይም በዘንቢል ወረፋ ይያዝ ነበር? በተመን የተገዛ 1 ኪሎ ስኳር ግማሽ ቀን ከወሰደ፣ ያ ግማሽ ቀን በመዝገባችሁ ላይ ካልሰፈረ ዋጋውን በትክክል አልጻፋችሁም። እኔ ለሰልፍ ብቻ አንድ ዓምድ አለኝ፤ ከደብተሩ ሁሉ የምወደው ገጽም እሱ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት የተዋወቀው፣ ወሬ የተሰማው፣ አንዳንዴም ትዳር የታየው እዚያ ስለሆነ።

እህል ከክፍለ ሀገር የመጣላቸውን ደግሞ ስለ ኬላ ጠይቋቸው። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ከገበሬው በተመን ይገዛ ስለነበር የነጋዴው እህል ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወር ኬላ ላይ ይፈተሽ ነበር። ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ትንሽ ጤፍ ይዞ መመለስ ጭንቀት ነበረበት። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና የእህል ንግዱ ሲለቀቅ ምን እንደተለወጠ ጠይቃችሁ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ከአሥርቱ ዓመታት ቢያልፍም ንጽጽሩ የግድ ያስፈልጋል።

ስለ መስፈሪያ ጥቂት ልበል። «አንድ ጣሳ» የተባለው የትኛው ጣሳ እንደሆነ እስኪታወቅ አትለፉት። በቤቱ ያለውን ጣሳ አስመጡና በሚዛን መዝኑት፤ ቁናም እንዲሁ። ኩንታል 100 ኪሎ፣ የቡና ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ እነሱ አያስቸግሩም። ገንዘቡን በአፋቸው እንዳሉት ጻፉ። «ስሙኒ» ካሉ ስሙኒ፣ «ሽልንግ» ካሉ ሽልንግ፤ ቀጥሎ በቅንፍ 25 ሳንቲም፣ 50 ሳንቲም በሉ።

ዓመቱ ሲጠፋባቸው «አስታውሱ እንጂ» እያላችሁ አታስጨንቋቸው። ሰው ቁጥሩን ቢረሳ የሆነውን አይረሳም። እኔ ከደብተሬ ሽፋን ውስጥ የለጠፍኳቸው ቀኖች አሉ። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ነው፤ «እናትሽ ፊደል ለመቁጠር ስትሄድ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?» ማለት ይቻላል። ሐምሌ 1972 ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣበት ነው፤ ወንዶቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል፤ የትኛው ጎረቤት ቤት በየትኛው ሬዲዮ እንደሰሙት ሳይቀር ይነግሯችኋል። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት የተከበረበት ነው፤ ቴሌቪዥን በቀለም መታየት የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። 1977 የረኃቡ ዓመት ነው፤ እሱን ስታነሡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ታኅሣሥ 1980 ብሔራዊ ቡድናችን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ የወሰደበት ነው። ከነዚህ አንዱን ይዛችሁ «ከዚህ በፊት ነው በኋላ?» ብትሉ ዋጋው ወደ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ጠብቦ ይመጣል። የቤተሰቡንም ቀኖች ጨምሩ፤ የልጅ ልደት፣ ክርስትና፣ አንደኛ ክፍል የገባበት፣ ሠርግ። እናቴ የአልጋችንን ዋጋ በዓመተ ምሕረት አታውቀውም፤ ታናሽ ወንድሜ በተወለደ በወሩ እንደተገዛ ግን ታውቃለች፤ ለኔ ይበቃኛል።

ከዚያ ወደ ወረቀት ሂዱ። የኪራይና የመብራት ደረሰኝ፣ የህብረት ሱቅ ኩፖን፣ የፎቶ ቤት ማኅተም ያረፈበት ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ወይም ሻንጣ ውስጥ አለ። ከሁሉ በላይ ግን የምመክራችሁ የዕድር መዝገብ ነው። ወርኃዊ መዋጮው፣ የቀሪ ቅጣቱ፣ ለለቀስተኛ የተገዛው እህልና ቡና፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም ከነቀኑ ተጽፎ ይገኝበታል፤ የጻፈውም ሰው ሒሳቡን ለአባላት ማስረዳት ስላለበት ተጠንቅቆ ነው። ዳኛውንና ጸሐፊውን በአክብሮት አስፈቅዱ፤ መዝገቡን ከቤቱ አታውጡ፤ እዚያው ተቀምጣችሁ ዋጋና ቀኑን ብቻ ገልብጡ። የአባላት ስም ለናንተ ሥራ አይጠቅምም። የሠርግ ወጪ የተጻፈባት ደብተር ከተገኘች ደግሞ ሙሽራዋ አጠገባችሁ እያለች አንብቧት፤ በየመስመሩ አንድ ወሬ አለ።

ጨዋታውንና ዘፈኑን «ጭማሪ» አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ አትጣሉት። ቴፕ የነበረው ማን ነበር? ካሴት ገዝተው ነው ወይስ ባዶ ካሴት ወስደው ያስቀዱት? በሸክላ የሰሙትን ከካሴቱ ለዩ፤ የአገራችን ሸክላ በ1970 ገደማ መታተሙን ስላቆመ «ሸክላውን ገዛሁት» ያለ ሰው ከዚያ በፊት ያለውን ዘመን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። የጥላሁን ገሠሠን ወይም የማህሙድ አህመድን ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና ትንሽ ዝም በሉ፤ ከዚያ ምን ለብሰው እንደነበረ ጠይቁ። ኮንጎ ጫማው፣ ካኪው፣ ሰልባጁ፣ አፍሮው ይመጣል። ስለ ሲኒማ ስትጠይቁ ቦታውን ጥሩ፤ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ ሲኒማ ራስ፣ አምባሳደር። መግቢያው ስንት እንደነበረ ብቻ ሳይሆን ከማን ተደብቀው እንደገቡም ጠይቁ።

ስለ ማታ ሲነሣ ሰዓት እላፊ ይመጣል፤ ከሰዓት እላፊ ቀጥሎ ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ የቀረ ሰው አለ። የ1969 እና የ1970 ቀይ ሽብር ልጅ፣ ወንድም፣ ባል የወሰደበት ቤት ብዙ ነው። ስለ ዘይት ዋጋ እያወራችሁ እትዬ በድንገት ዝም ካሉ መቅጃውን አጥፉት፤ ጥያቄውንም አትድገሙት። ማውራት ከፈለጉ ስሟቸው፤ «ይህ ይጻፍ ወይስ በመካከላችን ይቅር?» ብላችሁ የሚሉትን አድርጉ። የኩፖንና የስኳር ጥናት ሰውን ለማሳዘን ፈቃድ አይሰጥም። እንዲህ ያለው ቀን ቡናው ተጠጥቶ፣ ሌላ ጨዋታ ተጫውቶ ማለቅ አለበት።

መዝገቡ ሲሰበሰብ የድሮውን ብር በምንዛሪ ወደ ዛሬ ብር ለመቀየር አትሞክሩ። አንድ ዶላር እስከ መስከረም 1985 ድረስ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተተክሎ የቆየ ስለነበር ሒሳቡ የእናታችሁን ጓዳ አያሳይም። በሥራ ቀን አስሉት። ለምሳሌ በወር 50 ብር የሚያገኝ ሰው 12 ብር ከ50 ኪራይ ቢከፍል የደመወዙ ሩብ ነው፤ በወር 25 ቀን ከሠራ ከ6 ቀን በላይ ለቤቱ ሠራ ማለት ነው። የዛሬውንም ኪራይ ከዛሬ ደመወዝ ጋር በዚሁ ስሌት አስቀምጡና ጎን ለጎን እዩት። አንዳንዱ ነገር በእርግጥ ረክሶ ታገኙታላችሁ፤ ኪራይ ዋነኛው ነው። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሱፍ ልብስ ግን የብዙ ወር ደመወዝ ሲፈጁ ታያላችሁ።

ማመሳከሪያ ስትፈልጉ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄዳችሁ የዚያን ወር የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አስወጡ፤ ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ማስታወቂያዎቹን፣ የሲኒማ ፕሮግራሙን፣ የጋዜጣውን የራሱን ዋጋ ገልብጡ። ጋዜጣው ተመኑን ሊነግራችሁ ይችላል፤ መርካቶ የተከፈለውን ግን የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሲለያዩ አንዱን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም ከነምንጫቸው ተዉአቸው።

በመጨረሻ የጻፋችሁትን ለተናጋሪዋ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ኧረ እሱስ እንዲህ አይደለም» የሚሉት ያኔ ነው፤ እርማቱን በሌላ ቀለም፣ ከቀኑ ጋር ጻፉ። አንድ ቅጂ ለእሳቸው፣ አንድ ለልጆቻቸው ስጡ፤ የድምፅ ቅጂውን ደግሞ ከስልካችሁ ውጭ ሌላ ቦታም አስቀምጡ።