«የመጀመሪያው ሕይወት ከየት መጣ?» ለሚል ተማሪ፦ በቦሎቄና በጣና ዓሣ ማስረዳት

ዝግመተ ለውጥን ስታስተምሩ አንድ እጅ መነሣቱ አይቀርም፦ «ሕይወት እንዴት እንደጀመረ ካልታወቀ ይህ ሁሉ እንዴት እውነት ይሆናል?» ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ «ከርዕሳችን ውጭ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዝግመተ ለውጥ በምን ላይ እንደቆመ ተማሪው በእጁ ነክቶ ሊያየው ይችላል። ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቡ።

ለአንድ ቡድን 40 ቀይና 40 ነጭ ቦሎቄ፣ አንድ አሮጌ ጆንያና አንድ ሳንቲም ይበቃል። ጆንያውን መሬት ላይ ዘርጉና ከየቀለሙ 20 ፍሬ በትኑ። አራት ተማሪዎች ወፍ ይሁኑ፦ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፣ ዞር ብለው መጀመሪያ ዓይናቸው የገባውን አንድ ፍሬ ያነሣሉ፣ መልሰው ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ ሲያነሡ 20 ፍሬ ይቀራል። ለተረፈው ፍሬ ሁሉ የራሱን ቀለም አንድ «ልጅ» ጨምሩለት፤ እንደገና 40 ሆነ። ለምሳሌ 14 ነጭና 6 ቀይ ከተለቀሙ የሚተርፉት 6 ነጭና 14 ቀይ ናቸው፤ ከነልጆቻቸው 12 እና 28 ይሆናሉ። አራት ዙር ድገሙና ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ።

ጨዋታው የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። ነጩ ቦሎቄ ከቀዩ ከተለቀ ተማሪው የሚያነሣው በመጠን እንጂ በቀለም አይሆንም፤ እኩል እኩሉን ምረጡ። ቆም ብሎ የሚያማርጥ ካለም ውጤቱ ይዛባል። በ8 ፍሬ ብቻ ከተጫወታችሁ ደግሞ ከጆንያው ጎልቶ ስለሚታይ ይበልጥ የሚለቀመው ነጩ በአጋጣሚ ሊያሸንፍ ይችላል። ይህም በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ በሆነ መንጋ ውስጥ ዕድል ያይላል።

አሁን ጠይቋቸው፦ የመጀመሪያዎቹ 40 ፍሬዎች ከየት መጡ? የአንዱ ቡድን ከገበያ፣ የሌላው ከቤት ጓዳ ይሁን፤ የሰሌዳው ቁጥር በዚህ አይለወጥም። ቀጥሎ የልጆቹን ቀለም በሳንቲም ወስኑ። 6 ነጭና 14 ቀይ ተርፈው ከ20ዎቹ ልጆች ግማሽ ያህሉ ነጭ ስለሚሆኑ ቁጥሩ ወደ 16 እና 24 ይጠጋል፤ ከዚያ ወዲያ እዚያው አካባቢ ይዋልላል። ውርስ ሲቀር ለውጡ መጠራቀሙ ቆመ ማለት ነው። ሁሉንም ፍሬ ቀይ ካደረጋችሁት ደግሞ የሚመረጥ ነገር የለም። ዝግመተ ለውጥን የሚያቆመው የልዩነት ወይም የውርስ መጥፋት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባሕር ዳር ዓሣ ከሚራገፍበት ቦታ ባርበስ የሚባሉትን የጣና ዓሦች ጭንቅላቶች ይዛችሁ ግቡ፤ እስከ እኩለ ቀን ስለሚሸት ጨው ነስንሱበት። አፉ ወደ ታች የዞረውንና ሰፊ አፍ ያለውን ዓሣ በል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ተማሪው መንጋጋውን በጣቱ ይዳስስ፦ ጥርስ የለም። የስንጥቡን ክዳን ገልጣችሁ ከበስተኋላ ስትቆርጡ ጥርሱ ጉሮሮ ውስጥ ይገኛል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከታች ሽቅብ የሚመጣ ዓሣ የለም፤ ከፏፏቴው በላይ ባለው ጣና ውስጥ ግን እርስ በርስ የሚዛመዱ ከደርዘን በላይ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። ዝምድናቸው የሚታወቀው ከአካላቸውና ከዘረ መላቸው ነው እንጂ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ስለሆነው ነገር በሚሰጥ መልስ አይደለም። ፊደላችንም እንዲሁ ነው፤ ሸ ከሰ፣ ጨ ከጠ፣ ኘ ከነ መውጣቱን ለማየት የሰው ልጅ መናገር እንዴት እንደጀመረ ማወቅ አያሻም። ልዩነቱ፣ ፊደሉን ሰው አስቦ ቀጥሎታል።

ቻርልስ ዳርዊንም በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተነሣው ካሉት ፍጡራን ነው፤ የሕይወትን አጀማመር ለማስረዳት አልሞከረም።

ነገሩን አታጋንኑት። የሕይወት አጀማመር ራሱን የቻለ ትልቅ ጥያቄ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ሚለርና ዩሬ የተባሉ ሳይንቲስቶች ከጋዝ፣ ከውኃና ከኤሌክትሪክ ብልጭታ የፕሮቲን መገንቢያ የሆነውን አሚኖ አሲድ አገኙ፤ ሕይወት ግን አልሠሩም። ድንበሩ ራሱን የሚቀዳና ሲቀዳ የሚሳሳት ነገር የተገኘበት ቦታ ላይ ነው፤ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም በጆንያው ላይ ያየነው የሚተርፈው እየተባዛ የመሄዱ ነገር፣ ከዚያ በፊት የሚሠራበት ነገር የለውም። የመጀመሪያውን ሕይወት እግዚአብሔር ፈጠረው የሚል ተማሪን ከእምነቱ ጋር አታጋጩት፤ የጆንያው ቁጥርና የዓሣው ጉሮሮ ለእሱም ያው ነው።

ለፈተና «ዝግመተ ለውጥን ግለጽ» ከማለት ይልቅ ይህን ስጧቸው፦ «የመጀመሪያው ሕይወት ከሌላ ፕላኔት እንደመጣ ነገ ቢረጋገጥ፣ ከሠራናቸው ውጤቶች የትኛው ይቀየራል? ለምን?»