ዘይት የምትበላ መኪና ለመሸጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ችግር ያለባትን አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ሁለት ፍርሃት አለው። ችግሩ ከታወቀ ገዢ ይሸሻል ብሎ ይሰጋል። በርካሽ ሸጬ እቆጫለሁ ብሎም ይሰጋል። ሁለቱ ሲደመሩ የማይረባ ዋጋና ብዙ ሽፍንፍን ይወልዳሉ። እኔ እንደማየው ከብልሽቱ ይልቅ ዋጋ የሚሰብረው የገዢው ጥርጣሬ ነው። ችግሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ካላወቀ የባሰውን ይገምታል፤ ዋጋውንም የሚያወጣው በዚያ ግምት ነው።

ለምሳሌ እንዲመቸን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሰራች አንዲት ቶዮታ ኮሮላ እንያዝ። ዘይት ትበላለች፣ ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፣ ፍሪሲዮኗም (ክላቹ) ወደ ማለቁ ነው። የዚያ ዘመን ባለ ዜድዜድ (ZZ) ሞተር ኮሮላዎች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። የፒስተኑ የዘይት ፋሻ (ዘይቱን የሚጠርገው ቀለበት) በጥላሸት ይደፈናል፣ ዘይቱም አብሮ ይቃጠላል። ልምድ ያለው መካኒክ ሁሉ ይህን ያውቃል። ገዢው መካኒክ ይዞ ከመጣ ሊደበቅ የሚችል ነገር እምብዛም የለም።

ዋጋ ከቴሌግራም መቅዳት

ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ዋጋ ሻጩ የተመኘው ነው። መኪናዋ በስንት እንደተሸጠች የሚያውቁት ሻጩ፣ ገዢውና ደላላው ብቻ ናቸው። ደግሞም የተለጠፈችው "ሞተሯ ያልተነካ፣ ከአደጋ ነፃ" ተብላ ነው። የእርስዎ እንደዚያ አይደለችም።

ሌላው ልማድ ያወጡትን ወጪ መደመር ነው። ጎማ ቀየርኩ፣ ባትሪ ገዛሁ፣ ራዲያተር አሰራሁ። ገዢ ለዚህ አይከፍልም። እርስዎ ነድተውባታልና።

የሚሻለው ሂሳብ እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ተመሳሳይ ዓመትና ሞዴል ያላት ደህና ኮሮላ በእርግጥ የምትሸጠው 1,200,000 ብር ነው እንበል። ሁለት ጋራዦች ሄደው ሞተሩንና ፍሪሲዮኑን ለማሰራት ዕቃውን ከእጅ ዋጋ ጋር በጽሑፍ ያስተምኑ። 150,000 ብር ቢሉዎት ከላይኛው ይቀንሱ። ከዚያ ለገዢው ድካም ደግሞ ትንሽ ይተዉ። ጋራዥ የሚመላለሰው፣ ሞተሩ ሲከፈት ሌላ ነገር ቢወጣ የሚጨነቀው እሱ ነው። 50,000 ብር ቢተዉ አንድ ሚሊዮን ላይ ይደርሳሉ። ድርድር ስለማይቀር ጥሪውን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ። የጋራዦቹ ወረቀት ከሌለ ግን ገዢው "ሞተር ሙሉ ይቀየራል" ብሎ 300,000 ይቀንሳል፤ እርስዎም የሚመልሱለት ነገር አይኖርዎትም።

"የነዳጅ መኪና ታግዷል፣ ማንም ይገዛኛል" ማለት

በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. መታገዱ እውነት ነው። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር። አገር ውስጥ ያሉትን እንዲፈለጉ ማድረጉ አይካድም። ነገር ግን ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ወጥቷል። ሶማሌ ተራ ዞር ብሎ የአንድ ኮሮላ ዕቃ የጠየቀ ገዢ ይህን በደንብ ያውቃል። የብልሽትዎ ዋጋም ጨምሯል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውም ሌላ አማራጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ለሽያጭ ሲባል ሞተር ማውረድ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። "ላሰራትና በደህና ዋጋ ልሽጣት" ይላል። በወረቀት ላይ ያዋጣ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ግን አያዋጣም። የእኛ ገዢ በቅርቡ የተከፈተ ሞተር አያምንም። "ሊሸጣት ብሎ ነው ያሰራት፣ ርካሽ ዕቃ ነው ያስገባባት" ይላል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። እርስዎ 150,000 አውጥተው ዋጋው ላይ የሚጨመርልዎ ግማሹም ላይሆን ይችላል። ሞተሩ ሲከፈት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ ቢገኝማ ወጪው ሌላ ነው።

ሙሉ ቀለም ማስቀባትም ያው ነው። አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ከሥሩ ያለውን ስቱኮ ይፈልጋል። ስፖርቴሎውን (በሩን) ያንኳኳል፣ ኮፋኖውን (የሞተሩን ክዳን) ይከፍታል፣ ብሎኖቹ ተፈተው እንደሆነ ያያል። ጭረቷን እንዳለች ይተዉአት።

መሰራት ያለባቸው ትንንሾቹ ናቸው። የተቃጠለ አምፖል፣ የደከመ ባትሪ፣ የማይወርድ መስታወት፣ ጠዋት ጠዋት የምታስቸግር ካንዴላ። ርካሽ ናቸው፤ ሳይሰሩ ሲቀሩ ግን መኪናዋ ጠባቂ እንዳልነበራት ያሳብቃሉ። ሙቀት የምትጨምር ከሆነም ከገዢ በፊት ይዩት። የራዲያተር ጎማ ወይም ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል፤ በጥቂት ብር ያልቃል። ሳያዩት ቀርተው ገዢው ለሙከራ የእንጦጦን አቀበት ቢያስወጣት ግን ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) እዚያው ይቃጠልና ሽያጩም መኪናዋም ይቀራሉ። ፍሬን ደግሞ ለክርክር አይቀርብም። ፍሬኗ የማያስተማምን መኪና ለሙከራ አትሰጥም። በቃ።

መሸፋፈን

ወፍራም ዘይት መጨመር ጭሱን ለጥቂት ቀን ያደበዝዘዋል። የቼክ ኢንጂን መብራትን በኮምፒውተር ማጥፋትም ይቻላል፤ ጥፋቱ እስካለ ድረስ ግን ተመልሶ ይበራል። ሞተሩን አሙቆ መጠበቅም የተለመደ ዘዴ ነው። የገዢው መካኒክ ገና ሲደርስ ኮፋኖው ላይ እጁን ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው "ለምን ሞቀ?" ይልና ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን ሁሉ ይጠራጠራል። ቀዝቅዛ ትጠብቀው። ጭሱን ራሱ ይየው።

ሕጉም ከደባቂ ጋር አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። "ባለችበት ሁኔታ ሸጬአለሁ" የሚል ሐረግ ውሉ ውስጥ ቢያስገቡም፣ ጉድለቱን አውቀው በተንኮል ከደበቁ ሐረጉ አያድንዎትም። በተቃራኒው ገዢው እያወቀ የገዛውን ጉድለት ኋላ ሊጠይቅዎት አይችልም። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ "ሞተሯ ዘይት እንደምትበላና ፍሪሲዮኗ መቀየር እንዳለበት ገዢው አይቶና በመካኒክ አስመርምሮ ገዝቷል"። እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

"ትንሽ ሥራ ትፈልጋለች" ብሎ መለጠፍ

ይህችን ሐረግ ያነበበ ሰው ሁሉ "ሞተር ነው" ብሎ ያልፋል። ማስታወቂያው ላይ ችግሩን በስሙ ይጥሩት። ዘይት ትበላለች፣ በስንት ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ትጨምራለች፣ ጋራዥ ስንት ብሎ ተመነ። ፎቶውም ጭረቷን ያሳይ። ስልክ የሚደውለው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚደውለው ግን ዋጋ አስቦ የመጣ ነው። ከእነዚህ መሃል መካኒኮች ይኖራሉ። ለእነሱ የእጅ ዋጋው ነፃ ስለሆነ ከማንም የተሻለ ዋጋ ሲሰጡ አይቻለሁ።

ለአምስት ደላላ መስጠት

አንድ መኪና በአምስት ደላላ ሲዞር አምስት ዋጋ ይወጣለታል። ገዢ ይህን ሲያይ "ስንት ወር ቆማ ነው?" ይላል። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ኮሚሽኑ በልማድ 2 በመቶ ነው፤ ቢሆንም ገና ሳይጀመር ተነጋገሩበት። "ከዚህ በላይ የሸጥኩትን ለእኔ" የሚል ደላላ ካጋጠመዎ ይተዉት። ጉድለቷን ለገዢ የሚናገርበት ምክንያት የለውም፤ ኋላ የሚጠየቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ማቆየት

ቦሎ ያላሳደሰች መኪና ከጅምሩ ትጠረጠራለች። "ምርመራ ማለፍ ስለማትችል ነው" ይባላል። ሊብሬው ላይ የባንክ ዕዳ ካለ አስቀድመው ያስነሱ።

ባለትዳር ከሆኑ ባለቤትዎም መፈረም አለባት፤ ሻጯ ሚስት ከሆነች ባልየው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋጋው ከ500 ብር ካለፈ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። ሕጉ በ1992 ሲወጣ 500 ብር ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ የመኪና ምንጣፍ እንኳ አይገዛም። ያላገባ ሰው ደግሞ ያላገባ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ። ውልና ማስረጃ ደርሶ በዚህ የተነሳ መመለስ ገዢን ያቀዘቅዛል።

ቀብድ ላይም ይጠንቀቁ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሀሳቡን የቀየረ ገዢ ቀብዱን ያጣል፣ ሀሳቡን የቀየረ ሻጭ ግን እጥፍ ይመልሳል። የተሻለ ዋጋ ይመጣ ይሆናል ብለው እያሰቡ ቀብድ አይቀበሉ።

ከሁሉ የከፋው በውክልና ብቻ ሸጦ መሄድ ነው። ገዢው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለማምለጥ "ውክልና ስጠኝ፣ ቀስ ብዬ አዛውራለሁ" ይላል። ገንዘቡን ስለተቀበሉ ያለቀ ይመስልዎታል። ሊብሬው ግን በእርስዎ ስም ነው። ሕጉ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መሪው ላይ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም። ችግር ያለባት አሮጌ መኪና በስምዎ ከተማ ውስጥ እየዞረች እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ስሙ ይዛወር፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሲፒኦ ይሁን፣ ውሉ ላይም ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ። ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ከግብር ጋር ከማጣላቱም በላይ፣ ክርክር ቢነሳ በእጅዎ ያለው ማስረጃ ያ ትንሹ ቁጥር ነው።

ቁልፉን ሲያስረክቡ የርክክቡን ቀንና ሰዓት ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት። የትራፊክ ቅጣት የመጣ እንደሆነ ከዚያ ሰዓት በፊት ያለው የእርስዎ፣ በኋላ ያለው የገዢው ነው። የሦስተኛ ወገን መድኑ ጉዳይ እንዴት እንደሚሆንም ያን ዕለቱኑ ተነጋግረው ለመድን ድርጅቱ ያሳውቁ።