የእንጨት ሞርሳ በራስ እጅ፦ ብሎኑ ላይ አትቆጥቡ

የእንጨት ሥራ ሞርሳ (እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ራሳችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ገንዘባችሁን ብሎኑ ላይ አውሉት። መንጋጋውማ (እንጨቱን መሃላቸው የሚይዙት ሁለት ክፍሎች) ከማንኛውም ደረቅና ጠንካራ ጣውላ ይሠራል።

ለብሎንነት ብዙ ሰው የሚያነሳው ተራውን፣ ዳር እስከ ዳር ጥርስ ያለውን ዘንግ ነው። ይሠራል፣ ግን ያሰለቻል። ባለ 16 ሚሊ ሜትሩ ተራ ዘንግ በአንድ ዙር የሚሄደው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መንጋጋውን 5 ሳንቲ ሜትር ለመክፈት 25 ጊዜ ማሽከርከር ነው እንግዲህ! ጥርሱ ሰፋና ወፈር ያለ የማሽን ዘንግ ካገኛችሁ ግን (ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ በዙር 4 ሚሊ ሜትር የሚሄድ አለ) ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል። ጥርሱም ቶሎ አይበላም።

ዳዶውን (ብሎኑ የሚሽከረከርበትን፣ ውስጡ ጥርስ ያለውን ብረት) ከቋሚው መንጋጋ ጀርባ ቅበሩት። ከፊት ከሆነ ስታጠብቁት ተነቅሎ ይወጣል፤ ከኋላ ከሆነ ባጠበቃችሁ ቁጥር እንጨቱ ውስጥ ይጠብቃል። ረዘም ያለ ዳዶ ይመረጣል። በእጀታው በኩል ሰፊ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አስገቡበት፤ አለዚያ ብረቱ ጣውላውን እየበላ ይገባል።

ከብሎኑ ግራና ቀኝ ሁለት መሪ ዘንጎች ያስፈልጋሉ፣ ካልሆነ መንጋጋው ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ቀጥ ያለ የብረት ቧንቧም ይሆናል። ግራሶ ግን አትቀቡት፣ ሰጋቱራ ይሰበስባል። ደረቅ ሰም ይበቃዋል።