አዲስ ጢንዚዛ ስም እስኪወጣለት

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ስምም ይወጣላቸዋል። ከደብር ጫካ ቅጠል ሥር የተገኘ ጢንዚዛ ግን ስም እስኪወጣለት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። የሚያቆየው ስም መምረጡ አይደለም፤ ቀድሞ ማንም እንዳልሰየመው ማረጋገጡ ነው።

የምጽፈው ስታፊሊኒድ ስለሚባሉት ጢንዚዛዎች ነው። የክንፍ ክዳናቸው አጭር ስለሆነ ሆዳቸው ተጋልጦ ይታያል፤ ብዙዎቹ ሲነኳቸው ጭራቸውን እንደ ጊንጥ ወደ ላይ ያጥፋሉ። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ60,000 በላይ ናቸው። ስለዚህ «አዲስ ነው» ከማለታችሁ በፊት ብዙ በር ማንኳኳት ይጠብቃችኋል።

ጎጃም ውስጥ ከቀረው አገር በቀል ደን ብዙው ያለው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ ሥራውም ከፈቃድ ይጀምራል። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ወዳለ አንድ ደብር መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አስተዳዳሪው «ልጄ፣ ቅጠሉ እኮ የአፈሩ ልብስ ነው፤ ገፈህ ልትሄድ ነው?» አሉኝ። «አባ፣ አበጥሬ መልሼ አለብሰዋለሁ» አልኳቸው። ቃሌን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ፤ እናንተም ጠብቁ። ናሙና ወደ ውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። ይህን ለነገ አትበሉ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ከዝግባ ወይም ከዶቅማ ሥር እርጥቡን የረገፈ ቅጠል ሰብስቡ። ቀዳዳው ሰፋ ባለ ወንፊት ንፉት፤ ከላይ የቀረውን ቅጠል ወደ ቦታው መልሱ፤ የወረደውን ብናኝ ያዙ። ባዶ ሃይላንድ ወገቡ ላይ ቁረጡና አፉን ወደ ታች ገልብጡት፤ ውስጡ ሽቦ ወንፊት አድርጋችሁ ብናኙን አስቀምጡበት፤ ከሥሩ አልኮል ያለበት ብልቃጥ አኑሩ። ከላይ አምፖል ሲበራበት ነፍሳቱ ሙቀቱንና ድርቀቱን ሸሽተው ወደ ብልቃጡ ይወርዳሉ። መብራት ከጠፋም አትጨነቁ። ብናኙን በወንፊት ከረጢት አድርጋችሁ በጨርቅ በተሸፈነ ቦታ ስቀሉት፤ በሦስት ቀን ውስጥ እየደረቀ ሲሄድ እነሱም ይወርዳሉ። አልኮሉ ከፋርማሲ የተገዛ ይሁን፤ ለቅርጽ ጥናት 70 በመቶ፣ ለዲኤንኤ 95 በመቶ። እኔ አንድ ጊዜ ቸግሮኝ አረቄ ተጠቅሜ ናሙናው ሁሉ ላሽቆብኛል። ቀይና ጥቁር ሆኖ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ የክንፍ ክዳን ያለው ካያችሁ ደግሞ በእጃችሁ አትጨፍልቁት፤ ፔደረስ የሚባለው ወገን (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ) ነው፤ በሰውነቱ ያለው መርዝ ቆዳን ያቆስላል።

አሁን ወደ መለያው፣ ናሙናው ከየት እንደመጣ ወደሚናገረው ወረቀት፣ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ እሱን ነው። የመጀመሪያ ዓመት ብልቃጦቼን በቁጥር ብቻ ለይቼ ዝርዝሩን ደብተር ላይ በእስክርቢቶ ጻፍኩ። ከብልቃጥ የፈሰሰ አልኮል ገጹን አራሰው፤ ቀለሙም ሟሟ። ከየት ዛፍ ሥር እንደመጡ የማላውቃቸው አሥራ አንድ ጢንዚዛዎች በእጄ ቀሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ የማይመስል ወንድ ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ መለያውን በእርሳስ ጻፉ፤ ብልቃጡ ውስጥ ራሱ ክተቱት። አገር፣ ወረዳ፣ የደብሩ ስም፣ የጂፒኤስ ቁጥር፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢ ስም፣ የዛፉ ዓይነት ይኑርበት። አንድ ጊዜ ከውጭ የተላከልኝ የጥንት ናሙና ፎቶ መለያው ላይ «አቢሲንያ» ብቻ ይላል። የትኛው ተራራ? የትኛው ወንዝ? የጻፈው ሰው የለም፣ የሚጠየቅ የለም።

ናሙናውን በሦስት ማዕዘን ካርቶን ጫፍ ላይ በሙጫ ለጥፉና በማይክሮስኮፕ እዩ። ቁመቱን ስትለኩ ተጠንቀቁ፤ የስታፊሊኒድ ሆድ እንደ አኮርዲዮን ይሳባል፣ ይሰበሰባል። አንዱን ነፍሳት ዛሬ አራት ሚሊ ሜትር፣ ሲደርቅ ሦስት ተኩል ልትሉት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከራሱ ጫፍ እስከ ክንፍ ክዳኑ መጨረሻ ያለውን ለብቻው ለክታችሁ መዝግቡ፤ እሱ አይለዋወጥም።

ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ብዙ ዝርያዎች በወንዱ ብልት ይለያያሉ። ናሙናውን በሙቅ ውኃ አለስልሱ፤ በቀጭን መርፌ ከሆዱ መጨረሻ ብልቱን አውጡ፤ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋው እስኪጠራ ጠብቁ፤ ግሊሰሪን ውስጥ አድርጋችሁ በጎንና በሆድ በኩል ሳሉት። መጀመሪያ ሁለት ሦስቱ ይሰበሩባችኋል። ስለዚህ በብዛት በያዛችሁት ተለማመዱ፤ ብቸኛውን ወንድ አትንኩ።

ከዚያ ማነጻጸር ነው። የወገኑን የአፍሪካ ዝርያዎች መግለጫ ሁሉ አንብቡ፤ ብዙው በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በላቲን የተጻፈ ነው። የእናንተን ይመስላል ብላችሁ የጠረጠራችሁት ዝርያ ናሙና የት ሙዚየም እንዳለ ፈልጋችሁ የብልቱን ፎቶ ለምኑ፤ መልስ ካልመጣም ደግማችሁ ጻፉ። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ማለት ሌላ ሰው የሰየመውን በሌላ ስም መጥራት ነው።

ልዩነቱ ከተረጋገጠ ከናሙናዎቹ አንዱን፣ ቢቻል ወንድ፣ ሆሎታይፕ ብላችሁ ለዩት። ስሙን የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ቀይ መለያ አድርጉለት። ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ ለሚወጣ ዝርያ ይህንና ናሙናው የሚቀመጥበትን ተቋም በጽሑፉ መግለጽ የሥነ እንስሳት ስያሜ ሕግ ግዴታ ነው። እኔ ሆሎታይፑ አገር ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም እንዲቀመጥ እሟገታለሁ፤ የጎጃምን ጢንዚዛ ለማየት የጎጃም ተማሪ ቪዛ መጠየቅ የለበትም።

በጽሑፉ መጀመሪያ ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለይበትን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፤ ዝርዝር መግለጫው ይከተል። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ቃሉ አማርኛ ቢሆን ሕጉ አይከለክልም። «ዝግባ» የሚለውን ወስዳችሁ እንዳለ ብታኖሩት ከወገኑ ስም (ከሙሉ ስሙ የመጀመሪያ ቃል) ጾታ ጋር ማስማማት አያስፈልጋችሁም። ጠ፣ ጨ እና ቀ ያለበት ቃል ግን በላቲን ሲጻፍ የፊደሉን ምልክት ያጣል፤ ሕጉ ጭረትና ነጥብ አይቀበልም። ስሙን በፌስቡክ ቀድማችሁ አታውጡ። መጽሔቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጽሑፉ ዙባንክ (የእንስሳት ስያሜ መመዝገቢያ ድረ ገጽ) ላይ ሳይመዘገብ ስሙ አይጸድቅም።

ሲታተም የጢንዚዛውን ሥዕል በትልቁ አሳትሙና ወደ ደብሩ ውሰዱት። እኔ ስወስድ አባ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩና «ይኼ ሁሉ ጸጉር ያለው ያ ትንሹ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የደብሩን ተማሪዎችም ወስደው የተገኘበትን ዛፍ ራሳቸው አሳዩአቸው።